«ድነሻል» ከተባለ በኋላ
ከልብ ቀዶ ሕክምና የተመለሱ ወገኖቻችንን ስለ መጠየቅ



ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ መንደሩ አልቆ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ፣ አንዲት እኅታችን ከእናትዋና ከታናሽ ወንድምዋ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት ትኖራለች። ሌሊት የመኪናው ጩኸት ሲቀንስና ውሾቹ ዝም ሲሉ ከደረትዋ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ለማያውቅ ሰው የግድግዳ ሰዓት ይመስለዋል። ከሆስፒታል በተመለሰች ሰሞን ወንድምዋ በዚህ ድምፅ ምክንያት እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ለመደውና ያለ እርሱ መተኛት የማይችል ሆነ። እርስዋ ግን አልለመደችውም። «አንድ ቀን ቢቆምስ እያልሁ እቆጥረዋለሁ» ብላናለች።

ይህችው እኅት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአጥቢያችን መድረክ ላይ ቆማ «ጌታ ፈውሶኛል፣ ድኛለሁ» ስትል መስክራለች። ጉባኤው በእልልታ ተቀበላት፤ እኛም ፎቶግራፍ አንሥተን ለደጋፊዎቻችን ላክን። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ከእልልታው በኋላ ስለሚመጣው ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እኛ ራሳችን ስላጎደልነውም ነገር ጭምር።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን ከደጋፊዎቻችን የደረሰን ጥያቄ ነው። በውጭ አገር ልባቸው የደከመ ሕሙማን በደረታቸው ውስጥ ፓምፕ እየተተከለላቸው እንደሚኖሩ የሰሙ ወገኖች፣ «እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን ቢገኝ እንዴት እናጽናናው?» ብለው ጽፈውልናል። ፓምፑ ከግራው የልብ ክፍል ጋር ተያይዞ ደሙን ወደ ትልቁ የደም ሥር የሚገፋ መሣሪያ ነው። በአብዛኛው ከሆድ ቆዳ የሚወጣ ሽቦ በውጭ ከሚያዝ ባትሪ ጋር ያገናኘዋል፤ ሰውየውም ባትሪውን ተሸክሞ ይወጣል፣ ይገባል፣ ሌሊትም ከመብራት ጋር አያይዞት ይተኛል።

ይህ ዓይነቱ ሕክምና ገና ከጅምሩ ከሥጋ ያለፈ ጥያቄ አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ ባርኒ ክላርክ ለተባለ የጥርስ ሐኪም ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ ተተከለለት። ሚስቱ አስቀድማ ሐኪሞቹን የጠየቀቻቸው፣ የገዛ ልቡ ከወጣ በኋላ እኔን መውደድ ይችል ይሆን ብላ እንደ ነበረ በሰፊው ተነግሯል። ሰውየው 112 ቀን ኖረ። በጥያቄዋ የሚሥቅ ሊኖር ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሊሥቅባት አይገባም። እኛ የምናስበው በልባችን ነው፤ ልብ እናደርጋለን፣ ልባችን ይነግረናል፣ ቅን የሆነውን ሰው ልበ ቀና፣ የማያመዛዝነውን ልበ ቢስ እንለዋለን። ልቡ በቢላዋ የተከፈተ ሰው «እኔ የቀድሞው ሰው ነኝን?» ብሎ ቢጠይቅ በቋንቋችን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ ፒተር ሆውተን የተባለ ሰው፣ የልብ ፓምፕ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንዲያገለግለው ተተከለለት። የዚህ ሰው ሙያ ለሞት የቀረቡ ሕሙማንን ማማከር ነበረ። በፓምፑ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ዐረፈ። በእነዚያም ዓመታት እንደ እርሱ ፓምፕ ሊተከልላቸው የታሰቡትን ሰዎች ያነጋግር ነበር። እኛን የነካን ግን ሳይደብቅ የተናገረው ነገር ነው፤ በሕይወት በመቆየቱ ደስ ቢለውም ስሜቱ እንደ ቀዘቀዘበት፣ ኀዘንም እንደሚጫነው ገልጿል። አዋቂ አማካሪ የነበረው ሰው እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ ብቻዋን ሌሊቱን የምትቆጥረው ልጅ ምን ትሁን?

እኛ በምናገለግልበት በየካ ክፍለ ከተማ ይህ ፓምፕ ያለው ሰው አላጋጠመንም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተተክሎላቸው የሚኖሩ ግን አሉ፤ ጥቂቶቹንም እናውቃቸዋለን። ጭንቀታቸው ከፓምፑ ባለቤቶች ጭንቀት እጅግ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ለጥያቄው የምንመልሰው በእነርሱ በኩል ነው።

የተበላሸው በር

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ልጁን ቶንሲል ይይዘዋል፤ እናት «ያልፍለታል» ትላለች፤ በአንዳንድ ቤትም እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው ይወስዱታል። ጉሮሮውን ያሳመመው ተዋሲያን በመድኃኒት ሳይጠፋ ሲቀር፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋል። ቁርጥማቱ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ሲዘዋወር ቆይቶ ይለቃል፤ በልብ ላይ የጣለው ጠባሳ ግን አይለቅም። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው ይጨምራል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ዳገት ያቅተዋል፣ ሌሊትም ተጋድሞ መተንፈስ ይሳነዋል።

በውሃ ሥራ ላይ የተሰማሩ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ነገሩን ከማንም ይልቅ ይረዱታል። በየገጠሩ የተተከለው የእጅ ፓምፕ ቫልቭ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አይታችኋል፤ ሰው ይገፋል፣ ይገፋል፣ ውሃው ግን ተመልሶ ይወርዳል። ልብም አራት ቫልቮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ደምን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፉ በሮች ናቸው። በሩ ሲጠብ ወይም አልገጥም ሲል ልብ በከንቱ ይደክማል። ተጠጋግኖ የማይድን ሲሆን ሐኪሞች አውጥተው ሌላ ይተኩበታል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ አልበርት ስታር የተባለው ሐኪም ሎዌል ኤድዋርድስ ከተባለው መሐንዲስ ጋር ሆኖ የሠራው ቫልቭ በጎጆ ውስጥ የምትንቀሳቀስ ኳስ ነበረች። አሁን በብዛት የሚተከለው ከካርቦን የተሠሩ ሁለት ክንፎች ያሉት ነው። ክንፎቹ ሲዘጉ ቀጭ ይላሉ፤ ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ስለሚመታ ያንኑ ያህል ጊዜ ቀጭ ይላሉ። ድምፁ የጤና ድምፅ ነው። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ አስረድቶ መንገር ብዙ ፍርሃት ያስቀራል።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ሕክምና ለማግኘት ቀድሞ ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ተቋቋመ፤ ማዕከሉም እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራውን ጀመረ። ዛሬም ተራ የሚጠብቀው ሕፃን ብዙ ነው። ስለዚህ ተራው ደርሶት ታክሞ የተመለሰ ሰው «ፈራሁ» ለማለት ያፍራል። ስንቱ ሳያገኘው የቀረውን አግኝቶ እንዴት ያማርራል?

ቫልቩ ከተተከለ በኋላ ሌላ ነገር ይከተላል። ደም ባዕድ ነገር ሲያገኝ ይረጋል። የረጋው ደም የቫልቩን ክንፍ ያስራል፣ ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ሽባ ያደርጋል። ይህን ለመከላከል ሕመምተኛው ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደግሞ ደም ይፈስሳል። መጠኑ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። እንደ ቫልቩ ቦታ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3፣ ወይም ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈልጋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሕመምተኛውም ይህን ያውቃል። በየምርመራው ቀን ዋዜማ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አሉ።

በዚህ ላይ የጎረቤት ወሬ አለ። ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ውሸት ስላልሆነ መልስ አዘጋጅቶ መቆየት ይሻላል። መድኃኒቱ የተገኘው በአሜሪካ በዊስኮንሲን፣ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ለምን ደም እየፈሰሳቸው እንደሚሞቱ ሲመረመር ነው፤ በመጀመሪያም እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለአይጥ ማጥፊያ ውሏል። ከ1954 ጀምሮ ግን በተመጠነ ልክ ለሰው ተፈቀደ፤ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ሕመም በያዛቸው ጊዜ ይህንኑ ወስደዋል። መጠኑ ነው መርዝና መድኃኒት የሚያደርገው ብላችሁ ንገሩ። «ዝም ብለሽ ዋጪ» ማለት ግን ፍርሃቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሥራ አንዱ ቀን

አሁን ወደ እኅታችን እንመለስ። ከመታመምዋ በፊት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወደ ከተማ እያወረደች ትሸጥ ነበር። ያንን ዳገት የምታውቁ ሸክሙን ታውቁታላችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወገብ የሚያጎብጥ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሸክም ተከለከለች። እናትዋ ዛሬም ብቻቸውን ይሸከማሉ፤ ሲመሽ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ማየት ለልጅቱ ከደረትዋ ቁስል የባሰ ሆነባት። እኛ ለመድኃኒቷ ስንጨነቅ እርስዋ የሚያስለቅሳት ይህ እንደ ሆነ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

አገራችን በሽተኛ መጠየቅ የምታውቅ አገር ናት። አንዲት እናት ብትተኛ መንደሩ በሙሉ ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል፤ ሰው ቢሞትም ለቅሶው ሳምንት ሙሉ አይጎድልም። ይሁን እንጂ ልማዳችን የተሠራው ፍጻሜ ላለው ነገር ነው፤ ሰውየው ይድናል ወይም ይሞታል። ያልታመመ፣ ነገር ግን ያልዳነ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ አባቶቻችን አላሳዩንም፤ እንዲህ ያለ ሰው በዘመናቸው አልነበረምና። ስለዚህ በምስጋናው ቀን ከጠየቅናት በኋላ እግራችንን ሰበሰብን። ሦስት ወር አለፈ። መንገድ ላይ ስናገኛት «ተመስገን፣ አሁንማ ደህና ሆነሻል!» እንላታለን፤ እርስዋም «ተመስገን» ትላለች። በዚያ ሰላምታ ውስጥ ለእውነት የተተወ ቦታ አልነበረም።

በዚህ መካከል ስሙን በማንጠራው ስፍራ በተደረገ የጸሎት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን ጫነባትና «ጌታ ፈጽሞታል፤ ከእንግዲህ መድኃኒት ብትወስጂ አለማመን ነው» አላት። መድኃኒቱን ተወች። አሥራ አንድ ቀን ማንም አላወቀም። በአሥራ አንደኛው ሌሊት ታናሽ ወንድምዋ ነቃ። እናቱን ቀስቅሶ «የእኅቴ ሰዓት ድምፁ ታፍኗል» አላቸው። ልጁ ሐኪም አይደለም፤ ነገር ግን የቫልቭ ድምፅ መታፈን ደም ለመርጋቱ ከሚታወቁት ምልክቶች አንዱ ነው። እርስዋም ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ጎረቤት መኪናውን አስነሥቶ በሌሊት አወረዳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጊዜ ስለ ደረሰች የረጋው ደም በመድኃኒት ሟሟላት።

ድና ከተመለሰች በኋላ ተቀምጠን ጠየቅናት። ሰባኪው አስፈራርቷት ነው የታዘዘችው ብለን ነበር። መልስዋ ሌላ ሆነ፤ «በሁላችሁ ፊት ድኛለሁ ብዬ መስክሬአለሁ። ማታ ማታ ያንን ክኒን ስውጥ ሐሰተኛ ምስክር የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። እርሱ ተዪው ሲለኝ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ» አለችን። እኛም አንገታችንን ደፋን፤ መድረክ ላይ ያወጣናት እኛ ነንና። የምስክርነቱን ቃል እንኳ አብረን አዘጋጅተን ነበር፤ ስለ ዋርፋሪን አንዲት ቃል አልነበረበትም።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ላይ እኛ ካሰብነው ይልቅ ሰፊ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ጸለየ፣ ጸሎቱም ተሰማ፣ ዕድሜም ተጨመረለት፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20)። በለሱ የጸሎቱን መልስ ሐሰት አላደረገውም። ጢሞቴዎስም ለሆዱ ሕመም የተመከረው መድኃኒት ነበር (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23)። በቤተ ሰቦቻችን የመድኃኒት ሰዓት የጸሎት ሰዓት እንዲሆን የምናስተምረው ስለዚህ ነው፤ ክኒኑን በእጅ ይዞ አመስግኖ መዋጥ።

ፈተናው የእኛ ብቻ አይደለም። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ወደ ሽንቁሩ ሚካኤልና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይወጣሉ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙዎች ጠበል ሲጀምሩ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እንደማይቃረኑ በይፋ አስታወቁ። ያ ቃል ስንቱን እንዳዳነ የምናውቀው ሁላችን ነን። የእኛ ሰባክያንም ይህን በመድረካቸው ላይ በግልጥ ቢናገሩ መልካም ነው።

ለጠያቂዎች

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኅቶች ኅብረት ከእኛ ጋር ተቀምጦ ያሰበውን ለሌሎች አጥቢያዎች እናካፍላለን። መጀመሪያ፣ ከጥያቄው ላይ መልሱን አውርዱ። «ደህና ሆነሻል አይደል?» መልሱን ይዞ የሚሄድ ጥያቄ ነው። «ሌሊቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ያደረጉት ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ዝምታው ሲረዝም ጥቅስ ለማንበብ አትቸኩሉ። ሻይ ጠጡ። ከእኛ መካከል ይህን መማር እጅግ የከበዳቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የጨረስነው ነን።

በምርመራው ቀን አብራችሁ ሂዱ። ከፈረንሳይ በአራት ኪሎ በኩል እስከ ጥቁር አንበሳ መንገዱ ብዙ አይደለም፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው፣ ሰው የልቡን የሚያወራውም በወረፋ ላይ ነው። የታክሲውን ገንዘብ መስጠት መልካም ነው፤ ገንዘብ ሰጥቶ መቅረት ግን እኛ ከዚህ በፊት ያደረግነው ነው።

ጎመንን የሚመለከት ክርክር በየቤቱ አለ። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል ሲባል ፈጽሞ የሚተዉት አሉ፣ በጾም ወቅት ደግሞ በየቀኑ የሚበሉት አሉ። የሚያስፈልገው መጠኑን ሳያለዋውጡ መብላት ነው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ሐኪም ሳያዝዝ መግዛት፣ ዋገምት ማስደረግም ሆነ ሰውነትን ማስበጣት አደጋ ነው። የአፍንጫ ደም አልቆም ካለ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ትንፋሽ ከአጠረ፣ የቫልቩም ድምፅ ከተለወጠ ለጸሎት ስብሰባ አትጥሩ፤ መኪና ጥሩ፣ በመኪናው ውስጥ ጸልዩ። የተዘለለ ክኒን ካለ ደርቦ መዋጥ አይገባም፤ ክሊኒኩን መጠየቅ ነው። ከቶንሲሉ ሕመም ለመጠበቅ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘላቸውም ከቀዶ ሕክምና በኋላ «አለቀ» ብለው እንዳያቋርጡ አስታውሱአቸው።

ስለ ትዳርና ስለ መውለድ ብዙ ጊዜ ማንም ደፍሮ አይናገርም። ወጣቶቹ ግን ከሞት ይልቅ ስለዚህ ነው የሚያስቡት። ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ያለ ምትክ ማቋረጡ ደግሞ እናቲቱን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከማግባትና ከማርገዝ በፊት ከልብ ሐኪምና ከማህፀን ሐኪም ጋር መመካከር ግድ ነው። ለእኅታችን ሽማግሌ ተልኮ ነበር። እናት ቀዶ ሕክምናውን ሊደብቁ ፈለጉ፤ እርስዋ ነጠላዋን ከአንገትዋ አውርዳ ጠባሳውን ለሽማግሌዎቹ ራስዋ አሳየች። እስካሁን መልስ አልመጣም። እኛ የምናደርገው በዚህ ጥበቃ ውስጥ አብሮ መጠበቅ ብቻ ነው፤ «ጌታ የተሻለ አዘጋጅቶልሻል» እንዳንላት ተስማምተናል።

ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ሲቀር፣ ምግብና እንቅልፍ ሲጠፋ፣ «ምነው ባልነቃሁ» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ይህ ከጠያቂ ኃይል በላይ ነው። በክፍለ ከተማችን በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ወደዚያ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፤ አብራችሁ ሂዱ፣ በሩም ላይ አትተዉአቸው።

እኅታችን አሁን በመንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ መነሻውን የእኅቶች ኅብረት ሰጥቷታል። ባለፈው ወር እንደ ገና መድረክ ላይ እንድትወጣ አልጠየቅናትም፤ በራስዋ ፈቃድ ወጣች። የመድኃኒት ብልቃጥዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ለጉባኤው አሳየችና «ጌታ የሚያኖረኝ በዚህ ነው፤ አንዳንድ ሌሊት እፈራለሁ፤ ጸልዩልኝ፣ ደግሞም ኑ» ብላ ተቀመጠች። እልልታ አልነበረም። ከስብሰባው በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ወደ እርስዋ ቀርበው የስኳር መድኃኒታቸውን ከስድስት ወር በፊት እንደ ተዉ በጆሮዋ ነገሩአት።

የሚቀጥለው የደም ምርመራዋ ሐሙስ ነው። የእኅቶች ኅብረት ተራ አውጥቷል፤ በዚህ ወር አብራት የምትሄደው ከየካ አባዶ የምትመጣ እኅት ስለ ሆነች ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። ታናሽ ወንድሙም ትምህርት ቤት ባይኖረው አብሮ ሊሄድ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ በመሣሪያው የሚሰማውን ድምፅ እርሱም አንድ ጊዜ እንዲሰማ እንዲፈቀድለት ጠይቋል።